ሰማያዊ ነጥብ ያለባቸው በሮች

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ዛሬም አጨበጨቡልኝ።

እዚህ የተቀበለኝ የስደተኞች ድጋፍ ማኅበር በየወሩ ሰው እየሰበሰበ መድረክ ላይ ያወጣኛል። እኔ በቋንቋዬ እናገራለሁ፤ አስተርጓሚው በእነሱ ቋንቋ ይደግመዋል፤ እነሱ ያጨበጭባሉ፤ ከዚያ ብስኩት ይበላል። የሚፈልጉት ሁሌም የሬዲዮውን ታሪክ ነው። እነግራቸዋለሁ። ለልጆች የማንበቢያ መጽሐፍ እጽፍ እንደነበር፤ በአገሬ ከወንዙ ማዶ የመጣነውን ጠቆር ያልን ሰዎች «ማዶዎች» እንደሚሉን፤ በመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ውስጥ የማዶ ልጅ ሸክም ተሸክሞ እንጂ ደብተር ይዞ ታይቶ እንደማያውቅ፤ ይህንን በቀጥታ ሥርጭት ተናግሬ ስወጣ የጣቢያው ዘበኛ እንኳ በሩን ሊከፍትልኝ እንዳልፈለገ። ከሥራ መባረሬን፣ ደጃፌ ላይ የተደፋውን ቆሻሻ፣ ልጄን ለእህቴ ትቼ መውጣቴን።

እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም አንዲት ሴት ታለቅሳለች። የዛሬዋ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ናት። ስታቅፈኝ ሻርፗ አፌ ውስጥ ገባ።

ሰብሳቢዋ ስንወጣ ክንዴን ይዛ የልጄን ነገር እንዳልረሳችው ነገረችኝ። ማኅበሩ የድጋፍ ደብዳቤ ከጻፈ ልጄን ወደዚህ አገር ለማስገባት የሚያስቸግር ነገር አይኖርም፤ ካልጻፈ ግን ነገሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ደብዳቤው የሚፈረመው ጥር ላይ፣ ከማኅበሩ ዓመታዊ ምሽት በኋላ ነው። የዚያ ምሽት ዋና ተናጋሪ ደግሞ እኔው ነኝ። ስለ ምን እንደምናገር ጠየቅኳት። ስለ ምስጋና አለችኝ።

ኅዳር 4

እግሬ አብጧል። እህቴ ጋ ደወልኩ። ልጄ ተኝታለች አለችኝ። በዚህ ሰዓት? ብላት ጉንፋን ነገር ይዟት ነው አለች። ትኩስ ነገር ስጫት ብዬ ዘጋሁ።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

የምሠራበትን ቤት እስካሁን በወጉ አልጻፍኩትም። የአረጋውያን መጦሪያ ነው። ሥራውን ያገኘልኝ ማኅበሩ ነው፤ የመጦሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ከቦርዱ አባላት አንዱ ስለሆነ በየስብሰባው የፊት ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል። እኛ ጠዋት ገብተን የረጠበ አንሶላ እንለውጣለን፤ መነሳት የሚችሉትን እናነሳለን፤ የማይችሉትን ጀርባቸው እንዳይቆስል እናገላብጣለን፤ ሻዩ ትን እንዳይላቸው በዱቄት አወፍረን በማንኪያ እንሰጣለን። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሳገላብጥ ኖሬ አሁን ሰው አገላብጣለሁ። ሰው ይከብዳል። ሥራውን ግን አልጠላሁትም፤ ይህ ደግሞ ለማኅበሩ ሰዎች ደስ እንዲላቸው ያልኩት ሳይሆን እውነቴን ነው።

ከአንዳንዶቹ በሮች ላይ፣ ከክፍሉ ቁጥር ሥር፣ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ተለጥፋለች። ወደነዚያ ክፍሎች እኔን አይልኩኝም። ረጅሟንም አይልኳትም። ረጅሟ የሥራ ጓደኛዬ ናት፤ ከሌላ አገር የመጣች፣ ከእኔም የጠቆረች፣ በዕቃ ቤቱ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል። እዚህ ብዙ ስለኖረች ቋንቋቸውን አሳምራ ታውቀዋለች። ለእኔ ደግሞ ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ እያለች ስለምታወራኝ አብዛኛው ይገባኛል።

ነጥቧ ተላላፊ በሽታ አለ ማለት ይመስለኛል። ለዚያ የሠለጠኑ ሰዎች ይኖራሉ። ምስኪኖች! በዚያ በኩል ሳልፍ አንጀቴ ይንሰፈሰፍላቸዋል። አንዳንዴ ትንፋሼን ይዤ ነው የማልፈው፤ ከዚያ በራሴ አፍራለሁ።

ኅዳር 11

አውቶቡሱ ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ቆሟል፤ አጠገቤ ያለው ወንበር ግን ባዶ ነው። ቦርሳዬን አስቀመጥኩበት። እሷም ትረፍ፣ ስትሠራ ነው የዋለችው።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ የዘጠኝ ቁጥር ደወል ጮኸ። ነጥብ ካለባቸው ክፍሎች አንዱ ነው፤ የምትኖርበት ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ደወሉ ይጮኻል፤ ማንም አይመጣም። የክፍሉ ተረኛ ምሳ ላይ ናት። በሽታው ይያዘኝ ብዬ ገባሁ። አሮጊቷ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወድቃ የሌሊት ልብሷ እስከ ወገቧ ተገልቧል። ሳነሳት አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቀላል ናት፤ አጥንት ብቻ። አልጋዋ ላይ አሳርፌ ልብሷን ሳወርድላት ፊቴን አየችው። ከዚያ ጮኸች። ስትወድቅ ያልጮኸችውን ጩኸት ነው የጮኸችው።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ። ለምን ገባሽ አለኝ። ወድቃ ነበር አልኩት፤ ይህችን ያህልስ ቋንቋቸውን እችላለሁ። የክፍሉን ተረኛ መጥራት ነበረብሽ አለኝ። ምሳ ላይ ናት አልኩት። እስክትመጣ ይጠበቅ ነበር አለኝ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም ወንበር ስቦ አስቀምጦኛል። ስወጣ በሩን ከፈተልኝ።

አንሶላ በምናጥፍበት ክፍል ውስጥ ረጅሟን ምን ዓይነት በሽታ ነው ይህን ያህል የሚያስፈራው ብዬ ጠየቅኳት። እጥፋቱን ሳታቆም ነው የመለሰችልኝ። አዲስ ሰው ሲገባ፣ እሱን ወይ ቤተሰቡን፣ ማን ቢነካችሁ ቅር ይላችኋል ብለው ይጠይቃሉ። ጥቁር እጅ አይንካን ያሉት በራቸው ላይ ነጥቧ ይለጠፍላቸዋል።

«አታውቂም ነበር?» አለችኝ።

በሽታው እኔ ነኝ ለካ። በገዛ ራሴ በሽታ ፊት ትንፋሼን ይዤ ሳልፍ ከረምኩ።

ኅዳር 15፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ ከአልጋዬ አልወረድኩም። መስኮቴ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ለመዋል ከአልጋ የተሻለ ቦታ የለም። የማሞቂያው ቧንቧ ባንኳኳ ቁጥር «ማነው?» እላለሁ። ማንም አይደለም።

ደሜ እንደፈላ ነው። የአገሬ ሰዎች ቢያንስ ፊት ለፊት ነበር የሚሰድቡኝ። ስድባቸውን ማን፣ የት፣ በምን ቀን እንዳለኝ ዘርዝሬ መጻፍ እችላለሁ፤ ጽፌውማለሁ። እነዚህ ግን ስድቡን ጥፍር አሳክለው በር ላይ ለጥፈው፣ እኔ ከሥሩ ሳልፍ ለእነሱው እንዳዝንላቸው ተዉኝ። ፈገግ ይሉልኛል። በር ይከፍቱልኛል። ቆንጆ ስም አለሽ ይሉኛል፤ ስሜን ግን በትክክል የጠራ የለም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይኸው ጨዋነታቸው ነው። ጨዋ ሰው ምን ብለው ይሰድቡታል?

ደግሞ የምቆጣው በራሴ ነው። ልጄን ትቼ፣ ስንት ነገር ጥዬ የወጣሁት ከምን ሸሽቼ ነበር? ለልጄ «እዚያ ማንም ምን እንደሆንሽ አይጠይቅሽም» ብያታለሁ። እውነትም አልጠየቁኝም፤ ለጥፈው ጨርሰውታል።

በሚቀጥለው ስብሰባ እናገራለሁ። ደብዳቤውስ? ደብዳቤው ምን ይሆናል! የተቀበሉኝ እኮ ዘረኝነትን የተቃወመች ጸሐፊ ብለው ነው። ይህንን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ሥራ አስኪያጁም ያፍራል፤ ነጥቧ ትነሳለች፤ በቃ። እነሱ እኮ አያውቁትም። ቢያውቁ ኖሮ።

ኅዳር 18

እህቴ ጋ ደወልኩ። ልጄ እያጠናች ነው። ለአፍታ ታናግረኝ ብላት፣ ፈተና ደርሶባታል አታስጨንቂያት አለችኝ። ማን አስጨነቃት? እናት ልጇን ስታናግር ማስጨነቅ ከመቼ ወዲህ ሆነ? እህቴ ድሮም ልጅ ማሳደግ የምታውቀው እሷ ብቻ ይመስላታል። መስመሩም ይቆራረጣል፤ አንዲት ልጅ «አልመጣም በያት» ስትል የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ የጎረቤት ልጅ ትሆናለች።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ተናገርኩ።

ስለ ነጥቧ ተናገርኩ። ስለ ዘጠኝ ቁጥሯ፣ ስለ ደወሉ፣ «ይጠበቅ ነበር» ስለተባልኩት። የፊት ወንበር ላይ ያለውን ሰውዬ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ በዚያ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ወለል ላይ እንድትቆይ የሚፈረደው የሚያነሳት እጅ ጥቁር ስለሆነ ነው አልኩ። አገሬን ጥዬ የወጣሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ እናንተም በማለፊያ ቀለም ቀባችሁት እንጂ ያው ነው አልኩ።

አጨበጨቡልኝ።

አጨበጨቡልኝ! ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ሥራ አስኪያጁ ነው። ፈገግ ብሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ባለ አረንጓዴ ሻርፗ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዴት ደስ ይላል» የምትል ይመስል አየችኝ። ሰብሳቢዋ ጨበጠችኝ። ከዚያ ብስኩት በሉ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ሲሰደብ የሚያጨበጭብ ሕዝብ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ወይስ እንደ ቴአትር ነው የሚያዩኝ? እንደተዋናይ?

አስተርጓሚው ሲጨርስ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ አዳራሹ እንደሆነ ብርድ ነው። ምስኪን፤ ለእሱም ከባድ ሳይሆን አይቀርም። በአገር ቤት አስተማሪ ነበር፤ ከወንዙ ወዲህ ካሉት፣ እኛን ማዶ ከሚሉን ወገን ነው። እዚያ ቢሆን ከእኔ ጋር በአንድ ገበታ አይቀመጥም ነበር። እዚህ ግን ሁለታችንም ጥቁር ነን፤ አዳራሹ ውስጥ የምንገባውም በጎን በር ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ በዕድሜም ስለሚበልጠኝ አንቱ እለዋለሁ። ሲተረጉም እንደ ደንቡ «እኔ» እያለ ነው፤ እኔን ሆኖ። መጀመሪያ ላይ ያስቀኝ ነበር፤ ያ ሁሉ ወንድ «እኔ እናት ነኝ» ሲል።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። እኔ ረጅም ሰዓት እናገራለሁ፤ እሱ በአጭሩ ይጨርሰዋል። ቋንቋቸው አጭር ነው መሰለኝ።

ታኅሣሥ 5

ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው። አንድ አዲስ ተጨምሯል፤ አሥራ አራት ቁጥር ላይ። ሥራ አስኪያጁ ኮሪደር ላይ አግኝቶ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። ንግግሬ ልቡን እንደነካው ነገረኝ።

ታኅሣሥ 16

ለእህቴ በሥራ ቀን ከሰዓት በፊት ብደውልላት ስልኩን ያነሳው ባሏ ነው። ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ ሰዓት ቤት የሚገኘው? ዕረፍት ወስዶ ይሆናል። እንደምን አለህ ስለው «አለሁ» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ድሮ ቀልዱ አያልቅም ነበር። ሰው ሲያረጅ ይኮሳተራል። ልጄ የለችም፤ ሱቅ ተልካለች።

ታኅሣሥ 28፣ ሰኞ

ዛሬ ረጅሟን ይዣት ሄድኩ። እነዚህ ሰዎች ሲሰደቡ እንዴት እንደሚያጨበጭቡ በዓይንሽ እይው ብያት ነው የመጣችው። ከኋላ ተቀመጠች። ሁሉንም ደገምኩት፤ ባለፈው ያልኩትን፣ አዲሱን ነጥብ ጨምሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጨበጨቡ። ብስኩት በሉ።

በአውቶቡስ ስንመለስ ረጅሟ ጓንቷን ታወልቃለች፣ መልሳ ታጠልቃለች። ልንወርድ ስንል ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እንዲገባኝ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ስለ ነጥቧ ለምን ሳትናገሪ ቀረሽ?»

ነገሩ እስኪገባኝ ሁለት ፌርማታ አልፈን ሄድን።

ከዚያ በብርዱ ቆመን እሱ ምን እንዳለ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እኔ በመጦሪያ ቤቱ የምንከባከባቸውን እንደ እናቶቼ እንደማያቸው። አንዲት አሮጊት ወድቃ ሳነሳት አንገቴን ስታቅፈኝ የልጄ ናፍቆት እንደቀለለኝ። በየበሩ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት ደግሞ የአገሬን ሰማይ እንደምታስታውሰኝ።

የአገሬን ሰማይ!

ታኅሣሥ 29

በእኔ አፍ። በእኔ ልጅ። «እኔ» እያለ።

ሥራ ላይ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ።

ታኅሣሥ 30፣ ረቡዕ

ቀን ቀን የሚሠራው መኪና ማቆሚያ በር ላይ ነው፤ ቁም ሣጥን በምታህል የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቆርጣል። መስኮቱን አንኳኳሁ። ሲያየኝ ደስ ብሎት ከፈተው።

«ምን እያልክ ነው ስትተረጉም የከረምከው?» አልኩት።

አንተ ስለው ቀና አለ። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ጠፋ። አልካደም፤ ይህንን ልጻፍለት። ልጅሽ እንድትመጣ አይደለም ወይ የምትፈልጊው አለኝ። ልጄን በአፍህ አታንሳ አልኩት። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው ላይ ከሚፈርሙት አንዱ መሆኑን፣ ያልኩትን እንዳለ ቢነግራቸው ኖሮ ደብዳቤውን እንደማላየው፣ እሱ ለእኔው ሲል ነገሩን ማለሳለሱን ነገረኝ። እኔ እናት ስለሆንኩ ይገባኛል ብሎ አስቦ ነበር።

«የሬዲዮውንስ?» አልኩት። «የአገር ቤቱን ታሪክስ እንዴት ነው የምትነግራቸው?»

አንድ መኪና መጥቶ ጡሩምባ ነፋ፤ ማገጃውን አነሳለት፤ መኪናው አለፈ፤ እሱ ቲኬቶቹን ማስተካከል ጀመረ። ደጋግሜ ስጠይቀው፣ እኔ የወንዙ ወዲህ ሰዎች እንዲህ አደረጉን ስል እሱ «አንዳንድ ክፉ ሰዎች» እያለ እንደሚያልፈው፣ ደጃፌ ላይ የተደፋውንም እንደሚተወው ነገረኝ። አገራችንን በሰው አገር ማዋረድ ከብዶት ነው።

«አገራችን» አለኝ። የማን አገር ነው አልኩት። እናንተ እኛን ማዶ ብላችሁ ስታባርሩን የእኛ ያልነበረች አገር፣ ዛሬ አንተ በመስታወት ቤት ውስጥ ስትቀመጥ የጋራ ሆነች ወይ? ሙልጭ አድርጌ ሰደብኩት። የቻልኩትን ሁሉ አልኩት፤ አንዳንዱን ዛሬ ልጽፈው አፍራለሁ። መኪናዎች ተሰልፈው ጡሩምባ ይነፋሉ። እሱ በየመካከሉ «ይቅርታ» እያለ ማገጃውን ያነሳል፤ ለእኔ ይሁን ለሾፌሮቹ አልገባኝም።

በመጨረሻ በዓመታዊው ምሽት የምለውን ቃል በቃል ካልተረጎምክ ራሴ በተሰባበረው ቋንቋዬ እናገረዋለሁ አልኩት።

«ልጅሽስ?» አለኝ።

ቦርሳዬን አንግቤ ወደ ፌርማታው ሄድኩ።

ጥር 3

እህቴን ምከሪኝ አልኳት። በሕይወቴ ምክሯን ስጠይቅ ይህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ሁሉንም ነገርኳት።

«ዝም ብለሽ ልጅሽን ውሰጂ» አለችኝ። «ዝም ማለት ያን ያህል ይከብዳል? እኛ ይኸው ዝም ብለን እየኖርን አይደል?»

ልመልስላት ስል፣ ባሏ በእኔ የተነሳ ምን እንደደረሰበት ጠይቄ እንደማላውቅ ነገረችኝ። ምን ደረሰበት አልኳት። ተይው አለች። ተውኩት። ሰው ነገር ካለው ይናገራል እንጂ እንዲህ እንቆቅልሽ አያደርገውም።

ልጄ ገላዋን እየታጠበች ነው ተባልኩ።

ጥር 7

የምስጋና ንግግር ጻፍኩ። ጥሩ ንግግር ነው። አመሰግናለሁ ስንት ጊዜ እንዳለበት ስቆጥር ንዴት ያዘኝና ቀደድኩት። ከዚያ ቁርጥራጩን ሰብስቤ ጠረጴዛው ላይ ገጣጠምኩት። ከዚያ ደግሞ ጣልኩት። ልጄን አስቤ አነሳሁት። ሰብሳቢዋ ዛሬ ደብዳቤው ተተይቦ ፊርማ ብቻ እንደቀረው ነግራኛለች።

ባልናገርስ? አንድ ምሽት ብቻ ነው። አንድ ምሽት ዝም ብል ልጄ አጠገቤ ትተኛለች። ትምህርት ቤት ትገባለች። ከዚያስ? የትምህርት ቤቱ በር ላይ ምን እንደሚለጠፍ ማን ያውቃል? እኔም ሰማያዊዋን የአገራችን ሰማይ ናት ብዬ ልነግራት ነው?

አላውቅም። እውነቱን ለመናገር አላውቅም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ሆነ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አስተርጓሚው ክራቫት አድርጎ መጣ፤ አላየኝም፣ እኔም አላየሁትም። ሁለት ወረቀት ይዤ ነበር፤ አንዱ ምስጋናው ነው። ማይክራፎኑ ጋ እስክደርስ የትኛውን እንደማነብ አልወሰንኩም ነበር። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አየሁት። እግሩን አነባብሮ፣ ለማጨብጨብ እጁን አዘጋጅቶ ተቀምጧል። ምስጋናውን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አልኩ። «እኔ የምሠራበት ቤት በሮች ላይ፣ ጥቁር እጅ አይንካን የሚል ምልክት ተለጥፏል።»

አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሮ ተናገረ። ቃሉን ሁሉ ባልረዳም መተርጎሙን አወቅሁ፤ የሥራ አስኪያጁ እግር ወረደ። ሰብሳቢዋ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። የሚቀጥለውን አልኩ፤ ተረጎመው። ዘጠኝ ቁጥሯን፣ ደወሉን፣ «ይጠበቅ ነበር»ን። እኔ ቁጣዬን ስጨምር እሱም ይጨምራል። ረጅሟ ከኋላ ቆማ በየዓረፍተ ነገሩ ራሷን ትነቀንቅልኛለች፤ ልክ ነው፣ ብሎታል፣ ቀጥዪ እያለች። መሐረብ ያወጣ ሰው የለም።

ወደ አገር ቤቱ ታሪክ ስደርስም አልዘለለም። ደጃፌ ላይ የተደፋውን ሲናገር ድምፁ ተቆረጠና እንደገና ጀመረ።

ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን ትዝ አይለኝም። ስወጣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ሲንቋቋ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ረጅሟ በር ላይ ጠብቃ አንድ ቦታ ብቻ ነው ያጠፋው አለችኝ። አንቺ «እነሱ ናቸው ያደረጉብን» ስትዪ እሱ «ያደረግነው እኛ ነን» አለ፤ «እኔ» ማለቱን ትቶ፣ በራሱ። ተሳስቶ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አልተሳሳተም አልኳት።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ነጥቦቹ ተነስተዋል። የሙጫው ክብ በየበሩ ላይ ቀርቷል። የሥራ ድልድሉ ግን ያው ነው፤ አሁን በቃል ይነግሩናል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ምድር ቤት ወርጄ ልብስ አጥባለሁ፤ ለጤንነትሽ ታስቦ ነው ተብያለሁ። ሽማግሌዎቹን አልነካም። ከአሁን በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ለእኔ ሁሉም በር ነጥብ አለው።

ሰብሳቢዋ በስልክ አናገረችኝ። ድምፅዋ ሳሎን ውስጥ እንግዳ እንዳለባት ሰው ዝቅ ያለ ነው። ደብዳቤው ለተጨማሪ ማጣራት እንዲቆይ ቦርዱ ወስኗል። እስከ መቼ? ገና አልታወቀም። ለስብሰባዎቹም ለጊዜው አናስቸግርሽም ነው የምትለው፤ እነሱ ማረፍ ፈልገዋል ማለት ነው።

አስተርጓሚውም አገልግሎቱ እንደማያስፈልግ ተነግሮታል። ደውሎ ነገረኝ። ይስቃል። ሥራዬን በትክክል በሠራሁበት ቀን ተባረርኩ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ አልኩት፤ አንቱታው ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው።

«አንተ በይኝ» አለ። «አንተ ስትዪኝ ነው የሰማሁሽ።»

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ ደወልኩ። ደብዳቤው መቅረቱን ለእህቴ ልነግራት፣ ስትቆጣ ልቆጣት ተዘጋጅቼ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት።

ድምፅዋን መጀመሪያ አላወቅሁትም። ወፍሯል። ማነው አልኩ፤ የራሴን ልጅ «ማነው?» አልኳት።

«እኔ ነኝ» አለችኝ። «እዚያም ተናገርሽ አሉ።» ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

አዎ አልኳት። ደብዳቤው ለጊዜው እንደቆየ፣ ሌላ መንገድ እንደምፈልግ፣ ጠበቃ እንደማናግር እየተጣደፍኩ ነገርኳት። እሷ አስጨረሰችኝ። ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለች።

«ስለ እኔ ስታወሪ ሰዎቹ ያለቅሳሉ አሉ፤ እውነት ነው?»

«አንዳንዶቹ» አልኳት።

«አንቺስ?»

ለዚህ ጥያቄ የጻፍኩት ንግግር የለኝም። እኔ እቆጣለሁ አልኳት።

«እኔም እቆጣለሁ» አለችኝ።

«በማን?»

«በአንቺ።»

ልከራከራት አፌን ከፍቼ ነበር። ስለ መጽሐፎቹ፣ ስለ ሥዕሎቹ፣ ለእሷው ብዬ መናገሬን። ሁሉም ምላሴ ላይ ነበር፤ አንዳቸውም ውሸት አይደሉም። ግን ይህንን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ማንም አላለሰለሰላትም።

«ቀጥዪ» አልኳት። «እየሰማሁሽ ነው።»